ውሃው በ92 ዲግሪ ፈላ፤ ምን ብላ ትጻፍ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ለዚህ አምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ስለ ሳይንስ ትምህርት፣ ስለ ቤተ ሙከራ ዕቃዎችና ስለ ጥንቃቄ የሚጠይቁ ናቸው። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቼዋለሁ። ለብዙ ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ በመሆኔ ጉዳዩ ለእኔም የልብ ጉዳይ ነው፤ አንዳንዱ መልስ ቢረዝም አንባቢ ይታገሠኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በቡድን ሆነው ውሃ አፍልተው ሙቀቱን ሲለኩ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አገኙ። እርሷ ያየችውን ጻፈች፤ መምህሩ ግን «ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው» ብለው ኤክስ አደረጉባት። ያንኑ ቴርሞሜትር ያዩት የቡድኗ ልጆች ግን ከመጽሐፉ 100 ብለው ጽፈው ሙሉ ነጥብ አገኙ። የተሳሳተችው ልጄ ናት ወይስ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው? (የተማሪ እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጅዎ አልተሳሳተችም፤ ቴርሞሜትሩም ደህና ሳይሆን አይቀርም። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለው አባባል ልክ የሚሆነው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሣው እንፋሎት ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲስተካከል በመሆኑ፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ጭነት እየቀለለ ይሄዳል፤ ውሃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልጅዎ የጻፈችው ቁጥር በትክክል የከተማዋ ቁጥር ነው ማለት ነው።

በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ባሕር ዳር ላይ 94 ዲግሪ፣ ድሬዳዋ ላይ 96 ዲግሪ አካባቢ ይገኛል፤ ደብረ ብርሃን ላይ 91 እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። ከባሕር ጠለል በታች ባለው በዳሎል ደግሞ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። ደጋ ላይ የባቄላ ንፍሮ ቶሎ አልበስል ብሎ እሳቱ ላይ የሚያረፍደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው ቢንፈቀፈቅም የቆላውን ውሃ ያህል አይሞቅም፣ እንጨት ቢጨመርበትም በእንፋሎት መልክ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። እናቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው ይህን ያውቁታል።

መምህሩን ለመውቀስ አልቸኩልም። መልሱን ይዘው የሚያርሙት ከመጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «በባሕር ጠለል» የምትለዋን ሐረግ ያስቀራታል። ቴርሞሜትሩን ከተጠራጠሩ ግን በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ መፈተኛ አለ። በረዶ ተሰባብሮ ከጥቂት ንጹሕ ውሃ ጋር በአንድ ዕቃ ይደረግና ቴርሞሜትሩ ይነከርበታል። በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት እንደ መፍሊያው በከፍታ የሚለዋወጥ ስላልሆነ፣ ደህና ቴርሞሜትር አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ ዜሮን ያሳያል። በበረዶው ዜሮን፣ በፈላው ውሃ 92ን ካሳየ መሣሪያው ልክ ነው፤ በበረዶው 3 ካሳየ ግን ቢያንስ በዚያ በኩል ሦስት ዲግሪ እንደሚያበልጥ እናውቃለን፣ ንባባችንንም በዚያው ልክ እንጠራጠራለን። ልጅዎና መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ አብረው ቢሠሩት ከቀይ እስክሪብቶው ክርክር ይልቅ ሁሉም ይጠቀማል።

የአለካኩም ነገር መታየት አለበት። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ውሃው ውስጥ ይገባል እንጂ የማሰሮውን ወይም የቢከሩን ወለል መንካት የለበትም፤ ወለሉ ከውሃው ይልቅ ይሞቃልና። ቁጥሩ መውጣቱን እስኪያቆም መጠበቅ፣ ሳያወጡ ማንበብ፣ ዓይንንም ከፈሳሹ ጫፍ ጋር እኩል ማድረግ ያስፈልጋል። ከላይ ወደ ታች ያየ ልጅና ከታች ወደ ላይ ያየ ልጅ ከአንዱ ቴርሞሜትር ሁለት ቁጥር ያነባሉ። በመስፈሪያ ሲሊንደርም እንዲሁ ነው፤ የውሃው ጠርዝ በመስተዋቱ ዙሪያ ከፍ ብሎ መካከሉ ስለሚጎደጉድ፣ የሚነበበው የጎድጓዳው ታችኛው ነጥብ ነው። ለሰውነት ትኩሳት የሚያገለግለው ቴርሞሜትር ግን ከ42 ዲግሪ በላይ ስለማይሄድ ፈጽሞ በፈላ ውሃ ውስጥ አይግባ፤ ይፈነዳል።

እኔን የሚያሳስቡኝ 100 ብለው የጻፉት ልጆች ናቸው። ዓይናቸው 92 እያየ እጃቸው 100 ጽፏል፤ ለዚህም ሙሉ ነጥብ ተሰጥቷቸዋል።

ጥያቄ፦ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሻማ ለኩሰን ብርጭቆ ስንደፋበት ጠፋ። «ያያችሁትን ጻፉ» ስንባል «ኦክስጅኑ ስላለቀ ሻማው ጠፋ» ብዬ ጻፍኩ። መምህርታችን «ይህን አላየህም» አሉኝ። ታዲያ ምን ነበር የምጽፈው? (ከጎንደር)

መልስ፦ መምህርትህ ልክ ናቸው፤ እንዲህ የሚያርም መምህር ማግኘትህም ዕድል ነው። ኦክስጅን በዓይን አይታይም። ያየኸው ነበልባሉ እያነሰ መሄዱን፣ የብርጭቆው ውስጥ በጉም መሸፈኑን፣ ነበልባሉ ሲጠፋ ከክሩ ነጭ ጭስ መነሣቱን ነው፤ ሰዓት ይዘህ ከነበረ ደግሞ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ቆጥረሃል። እነዚህ ምልከታ ይባላሉ። «ኦክስጅን» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ምክንያቱን ስትፈልግ ነው፤ ያ ድምዳሜ ነው፣ በሌላ ሙከራም ሊፈተን ይገባዋል።

የሚገርመው ደግሞ ድምዳሜህ ራሱ ሙሉ አለመሆኑ ነው። ሻማ የሚጠፋው ኦክስጅኑ ከተለመደው መጠን በታች ሲወርድ ነው እንጂ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ነበልባሉ ሲሞት ብርጭቆው ውስጥ ገና ብዙ ኦክስጅን አለ። ሻማውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አቁመህ ብርጭቆ ስትደፋበት ውሃው ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ብዙ ሰው ይህንን «የአየሩ አንድ አምስተኛ የሆነው ኦክስጅን ስለተበላ ነው» ይላል፣ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ጽፌ ነጥብ አግኝቻለሁ። ነገር ግን በደንብ ብታይ ውሃው በብዛት የሚወጣው ሻማው እየነደደ ሳለ ሳይሆን ከጠፋ በኋላ ነው። በነበልባሉ ሞቆ የተለጠጠው አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር የውጭው አየር ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል። በአንድ ሻማ ምትክ ሦስት ሻማ አድርገህ ድገመው፤ ውሃው ከፍ ብሎ ሲወጣ ታያለህ፤ የብርጭቆው ኦክስጅን ግን በሻማ ብዛት አልጨመረም።

ይህ ልዩነት ለፈተና ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስልህ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን አድዋ ላይ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። እስከዚህ ድረስ ምልከታ ነው። «እንዶዱ ገድሏቸዋል» ብለው ዘግተው አልሄዱም፤ በሕይወት ያሉትን ሰብስበው በዕቃ ውስጥ ካደረጉ በኋላ የእንዶዱን አረፋ አስጨመሩበት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚያ የተነሣው ምርምር ለዓመታት ቀጥሎ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። በእንዶድ የሚያጥብ ሰው ያንን ወንዝ በየቀኑ ያየው ነበር፤ ላይኛውን ከታችኛው ጋር ማወዳደሩ ነው ነገሩን የለወጠው።

ጥያቄ፦ በገጠር ትምህርት ቤት አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል አለን፤ በውስጡ ግን የተሰባበሩ የሙከራ ቱቦዎችና ጽሑፋቸው የጠፋ ጠርሙሶች ብቻ ናቸው ያሉት። ከአካባቢዬ በማገኘው ዕቃ ምን ልሠራ እችላለሁ? ከምንስ ልጠንቀቅ? (መምህር፣ ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ከጠርሙሶቹ ልጀምር። ጽሑፉ የጠፋ ጠርሙስ አይከፈት፣ አይሸተት፣ ወደ ቱቦም ሆነ ወደ ጓሮ አይደፋ። በአንድ ሣጥን ሰብስበው ቆልፈው በማስቀመጥ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቁ። በሌሎቹ ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው፣ በጫፉ የቆመ ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት ካለ ትርጉሙን ለተማሪዎች ማስተማር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚገባው ነው፤ ነበልባል ማለት ተቀጣጣይ፣ የራስ ቅልና አጥንት ማለት መርዝ፣ በእጅና በብረት ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ማለት ሥጋንም ብረትንም የሚበላ ማለት ነው።

ለመለካት ከሁሉ የሚሻለው በርካሽ የሚገኘው ስሪንጅ ነው። ከመድኃኒት ቤት አዲስ የ5፣ የ10 እና የ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጆችን ገዝተው መርፌውን አስቀርተው ይጠቀሙ። የቢከር መስመሮች ለግምት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ስሪንጁ ከቢከር ይልቅ ይታመናል፤ ይህንንም ለተማሪዎች በሙከራ ማሳየት ይቻላል። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ላስቲክ አንገቱን ቆርጠው ከጎኑ ወረቀት ለጥፈው በስሪንጅ ሃያ ሃያ ሚሊ ሊትር እየጨመሩ መስመር ቢያሰምሩበት መስፈሪያ ሲሊንደር ይሆናል። ተማሪዎቹ ራሳቸው ያሰመሩትን መስመር ስለሚያምኑት፣ ለምን እንደሚሳሳትም ስለሚገባቸው፣ የተገዛው ሲሊንደር የማያስተምረውን ያስተምራል። ከክሊኒክ የወጣ ያገለገለ ስሪንጅ ግን ታጥቦም ቢሆን ወደ ክፍል አይግባ።

አሲድና ቤዝን ለመለየት የግድ ሊትመስ የሚባለው ቀለም የሚለውጥ ወረቀት አያስፈልግም። ከርከዴ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ቀይ ውሃ ሎሚ ሲጨመርበት ቀይነቱ ይደምቃል፣ የተጠለለ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴነት ይለወጣል። ኮምጣጤ፣ የሳሙና ውሃ፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ እርጎ፣ ሁሉም ተራቸውን ይጠብቃሉ። የመኪና ባትሪ አሲድን ግን ከጋራዥ አያምጡ፤ በውስጡ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ልብስና ቆዳ ይበሳል፣ ዓይን ያጠፋል። በረኪናንም ከሎሚ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አያገናኙት፤ የሚወጣው ክሎሪን ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ነው። ማንኛውንም ኬሚካል ደግሞ በሃይላንድ ላስቲክ አያስቀምጡ። የተጠማ ልጅ ላስቲኩን ሲያይ የሚያስበው ውሃ ነው።

እሳትን በተመለከተ አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ቢከር አጥቼ የሻይ ብርጭቆ በእሳት ላይ ጣድኩ። ተሰነጠቀ፤ የፈላውም ውሃ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ማንም ያልተቃጠለው ልጆቹ በአጋጣሚ ራቅ ብለው ስለቆሙ ብቻ ነው። የቤተ ሙከራ መስተዋት ቦሮን የተቀላቀለበት ቦሮሲሊኬት የሚባል ዓይነት ነው፤ ጀርመናዊው ኦቶ ሾት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያበጀው ሲሆን፣ በኋላ በ1915 እ.ኤ.አ. ፓይሬክስ በሚል ስም ገበያ ወጣ። ሲሞቅ የሚለጠጠው ተራው ብርጭቆ ከሚለጠጠው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ጎኑ ሞቆ ሌላው ቢቀዘቅዝም በቀላሉ አይሰነጠቅም። እርሱ ከሌለ በንጹሕ የድልህ ቆርቆሮ ማፍላት ይሻላል። ለማሞቂያም አሸዋ ባለበት ሳህን ላይ የቆመ ሻማ ይበቃል። የአልኮል ማቃጠያ ካለዎት እየነደደ ሳለ፣ ወይም ገና ሳይቀዘቅዝ፣ አልኮል አይጨምሩበት፤ የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን በደንብ ስለማይታይ የጠፋ መስሎ ብዙ ሰው አቃጥሏል። የሚጠፋውም በክዳኑ ታፍኖ ነው እንጂ በአፍ ተነፍቶ አይደለም። ባልዲ ሙሉ አሸዋና ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር የንጹሕ ውሃ ጀሪካን በክፍሉ ውስጥ ሳይኖር እሳት አይለኮስ።

ጥያቄ፦ አሲድ ሲቀጠን አሲዱ በውሃው ላይ እንጂ ውሃው በአሲዱ ላይ አይጨመርም ተብለናል። ሁለቱም ያው መቀላቀል አይደሉም ወይ? (የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውጤቱ አንድ ይመስላል፣ መንገዱ ግን አንድ አይደለም። ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ከፍተኛ ሙቀት ይለቃል፤ ክብደቱም ከውሃ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ አንድ ሚሊ ሊትሩ 1.84 ግራም ይመዝናል። ጥቂት ውሃ በላዩ ስታፈስበት ውሃው ሳይሰምጥ በአሲዱ ገጽ ላይ ስለሚቀር፣ ያ ሁሉ ሙቀት በዚያች ስስ ውሃ ላይ ያርፍና ወዲያው ያፈላታል፤ እርሷም አሲዱን ይዛ ወደ ፊት ትረጫለች። አሲዱን በብዙ ውሃ ላይ ቀስ በቀስ፣ እያማሰልክ ስትጨምር ግን አሲዱ ይሰምጣል፣ ሙቀቱም በሰፊው ውሃ ውስጥ ይከፋፈላል። ለመምህራን የማስተላልፈው ግን ይህ አሲድ ሳይበረዝ በዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጅ የሚገባበት ምክንያት አለመኖሩን ነው።

ጥያቄ፦ የልጄን ትኩሳት የምለካበት ቴርሞሜትር ወለል ላይ ወድቆ ተሰበረና ብርማ ጠብታዎቹ ተበታተኑ። በመጥረጊያ ጠርጌ ጣልኩት። ጥሩ አደረግኩ? (አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጠብታው ሜርኩሪ ነው። በመጥረጊያ ሲጠረግ ይበልጥ ይበጣጠስና ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ በክፍል ሙቀትም ቀስ እያለ ይተናል፤ የሚጎዳውም በዋናነት ወደ ውስጥ የሚተነፈሰው ትነት ነው። የአንድ ቴርሞሜትር ሜርኩሪ ጥቂት በመሆኑ አይደንግጡ፤ ነገር ግን መስኮቱን ከፍተው ክፍሉን ለረጅም ሰዓት ያናፍሱ፣ ልጆችንም ያርቁ። መጥረጊያውን ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ አይጠቀሙበት። የቀረ ጠብታ ካገኙ ጓንት አድርገው በሁለት ጠንካራ ወረቀት እየገፉ ይሰብስቡት፤ ደቃቁን በፕላስተር ማጣበቂያ ያንሡት፤ ሁሉንም ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ማሰሮ ውስጥ አድርገው ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። ወደ ሽንት ቤትና ወደ እቃ ማጠቢያ አይድፉት። ከዚህ በፊት ግን የወርቅ ቀለበትዎን ያውልቁ፤ ሜርኩሪ ወርቅን ስለሚይዝ ቀለበቱን ያበላሽብዎታል።

በነገራችን ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ስለ ሜርኩሪ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት በሜርኩሪ የሚሠሩ የሕክምና ቴርሞሜትሮች ከገበያ እንዲወጡ የሚጠይቅ ነው። ለቤትም ለትምህርት ቤትም አሁን የሚገዛው ባለ ባትሪው ወይም ቀይ አልኮል ያለበት ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ወንድ ልጄ ከትምህርት ቤቱ የቤተ ሙከራ ደንብ የሚል ወረቀት አምጥቶ «ፈርሚልኝ» አለኝ። እርሱ እንኳ ሳያነበው ነው የፈረመው። በምን ላይ ነው የምፈርመው? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ወረቀት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ሲሆን፣ ተማሪውና ወላጁ ደንቡን አንብበው እንደተስማሙ የሚያረጋግጡበት ነው። ሳያነቡ አይፈርሙ፤ እርሱንም ቁጭ አድርገው ከእርስዎ ጋር ያንብብ። አብዛኛውን ጊዜ ስለ አለርጂና በዓይን ውስጥ ስለሚገባ ሌንስ የሚጠይቅ ቦታ አለው፤ ያንን በትክክል ይሙሉት፤ ኬሚካል ከሌንስ ሥር ከገባ በውሃ ማጠብ ይከብዳልና።

ሌላው በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው፦ መነጽሩ ከሙከራው መጀመሪያ እስከ ዕቃው መታጠቢያ ድረስ ከዓይን አይወርድም፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው የራሱን ሙከራ የጨረሰ ልጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በጎረቤቱ ጠረጴዛ በኩል ሲያልፍ ነው። ረጅም ፀጉር ይታሰራል፣ ሹሩባም ቢሆን ከኋላ ይጠቀለላል፤ ሴት ልጅም ካለችዎት ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም ሂጃብ ጫፉ በጋዋኑ ውስጥ ይገባል። ክፍት ጫማ አይደረግም። በቤተ ሙከራ ውስጥ ማስቲካ እንኳ አይታኘክም። ጠረንን ማወቅ ካስፈለገ አፍንጫ ወደ ቱቦው አይቀርብም፤ በእጅ መዳፍ ከላይ በኩል ወደ ራስ ይራገባል፣ ቡና ሲቆላ ጭሱን ወደ እንግዶች እንደምናራግበው።

ከፈረማችሁ በኋላ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ የዓይን ማጠቢያው በክፍሉ የትኛው ጥግ እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ ያመልክት። ኬሚካል ዓይኑ ውስጥ የገባበት ልጅ ማጠቢያውን የሚፈልገው ማየት አቅቶት ነው፤ ከደረሰም በኋላ ሽፋሽፍቱን በጣቱ ከፍቶ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሙሉ መታጠብ አለበት። 15 ደቂቃ በሰዓት ሲቆጠር ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ቤት ውስጥ በቧንቧው ፊት አስቁመው ቢያሳዩት አይከፋም።